የአባባ አራት ደቂቃ

ለወንድም ጋሼ ታከለ፣

እንዴት ከርመሃል? ጤናህስ? የጥር ብርድ ምሽግ ውስጥ እንዴት አደረገህ? ያ የእግርህ ቁስል ሻረልህ ወይ? እኔ ታናሽህ ድረስ ደህና ነኝ፣ አምላክ ይመስገን። ይህን ደብዳቤ ግን ብቻህን አታንብበው። አንድ የምታምነውን ጓደኛህን አጠገብህ አስቀምጥ።

እኔማ ፍኖተ ሰላምን አንቀጥቅጬ ይዣታለሁ። ከቡሬ ድረስ ኮምፒውተር ሲበላሽ የሚጠሩት እኔን ነው። ከስድስተኛ ክፍል የወጣውን ድረስን ዛሬ ዲፕሎማ ያለው አይስተካከለውም።

አባባ ሰኔ ላይ ታመው ወደ እኔ መጡ። ለአንተ ድምፃቸውን ሊያስቀምጡ ፈልገው የጎረቤት ቴፕ አምጣልኝ አሉኝ። ኮምፒውተር እያለ የምን ካሴት ነው ብዬ ሳቅሁባቸው። ማይኩን ያዝኩላቸው፣ አራት ደቂቃ ተናገሩ። ማሽኑም «ተቀምጧል» አለኝ። ሐምሌ አምስት ቀን አረፉ። አዎ ወንድም ጋሼ፣ አባባ የሉም። ከቀብር መልስ ልሰማቸው ብዬ ብከፍተው ደቂቃው ይቆጥራል፣ ድምፅ ግን የለም።

ማን ነው የዋሸኝ ብዬ ተነሳሁ። ማሽኑን የሚያንቀሳቅሰው ፕሮግራም የቴክኒክ መምህሩ ይታገሱ ያመጣልኝ ነው፤ ሆዱን ከፍቶ ማስተካከል ይፈቀዳል። በፕሮግራሙና ድምፁ በሚቀመጥበት ዲስክ መሀል የሚላላክ ድራይቨር የሚባል አለ። ሦስት ወር ሙሉ የተጻፈበትን ኮድ መስመር በመስመር አየነው። እንግሊዝኛዬን ታውቃታለህ፤ ያገኘሁት ግን እኔ ነኝ። ከዲስኩ ሲያነብ ስህተት ከመጣ ይናገራል። ሲጽፍ ግን ዲስኩ አልቻልኩም ቢለው እንኳ ስህተቱን ይውጥና «ተቀምጧል» ብሎ ይመለሳል። መምህሩ እያሳየኝ እንዲናገር አድርጌ አስተካከልኩት። አባባን የቀዳሁበትን ያንኑ ያረጀ ዲስክ ሰክቼ ስሞክረው «አልተጻፈም» አለ። ይታገሱ አጨበጨበልኝ። እኔ ግን ለአንተ የጻፍኩት ትዝ አለኝ።

አጎታችን አቶ አድማሴ ወታደር መርዶ በወረቀት አይረዳም፣ ሲመጣ ተሰብስበን እናረዳዋለን ብለው ከልክለውኝ ነበር። ሰባት ወር ሙሉ «አባባ ሰላም ብለውሃል» እያልኩ የጻፍኩልህ እኔ ነኝ። አሁን ማሽኑ ፊት በተቀመጥኩ ቁጥር አባባ ከኋላዬ ቆመው የሚያነቡኝ ይመስለኛል። ያን ባዶ ፋይል ዛሬም እከፍተዋለሁ። መናገር ሊጀምሩ ሲሉ የሚስሏት ሳል ትሰማኛለች። ከዚያ ጭጭ።

ካሉት የማስታውሰው ይህን ነው፦ «ታከለ፣ ወደ ጦሩ ስትሄድ ደጅ ወጥቼ ያልሸኘሁህ ተቆጥቼ አይደለም። እንባዬን እንዳታይብኝ ነው። መርቄሃለሁ፣ ልጄ።» ይህ ግማሽ ደቂቃ አይሞላም። የቀረውን እኔ በጉራዬ በልቼብሃለሁ። ስትመጣ ምታኝ፣ እጄን አላነሳም።

እናታችን ሰላም ብላሃለች፤ ይህን መጻፌን አታውቅም። ታናሽ እህታችን ትሕትና ሰላም ብላሃለች፤ አራተኛ ክፍል ገብታለች። አቶ አድማሴ ሰላም ብለውሃል፤ ይህን ሲሰሙ እኔን አይምሩኝም። ሌላ ሰላም ያለህ የለም።

ወንድምህ ድረስ
ፍኖተ ሰላም
የካቲት 7 ቀን 1999 ዓ.ም.