ቀይ ከፋይ የለበሰው ወንበር

አሰላሙ አለይኩም ወንድሜ፣

እንደምን ሰነበትክ? ደብዳቤ ሲጻፍ መጀመሪያ ጤና ይጠየቃል፤ ስለዚህ ጠየቅኩህ። መልስ እንደማይመጣ አውቃለሁ። እኔን ብትጠይቀኝ ግን ደህና አይደለሁም። ተናድጃለሁ። በአንተ ተናድጃለሁ፣ በእንጨት ቤቱ ጓደኛህ በመርጋ ተናድጃለሁ፣ ለቅሶ ሊደርሱ መጥተው ድንኳናችን ውስጥ ስለ ኳስ ሲያወሩ በዋሉት ሰዎች ሁሉ ተናድጃለሁ። እማ እህል መቅመስ ጀምራለች፣ አልሐምዱሊላህ። ትናንት አክስታችን ሱሃይላ መጥታ አየር ትለውጥ ብላ ወደ አሰላ ወሰደቻት። እኔ ትምህርት ስላለብኝ ቀረሁ።

ለቆዳ ብለህ ሞትክ። ይህን ነው ይቅር የማልልህ። አዳማ ውስጥ ቆዳ የጠፋ ይመስል፣ «ጥሩው የሞጆው ነው፤ ያልለፋ፣ ወፍራም» ብለህ በጠዋት ሚኒባስ ተሳፈርክ። ስትመለስ አንድ ሲኖትራክ ሚኒባሳችሁ ላይ ወጣ። ትራፊኩ ዕቃህን ሲያመጣልን ጥቅል ቆዳው ጭረት እንኳን አልነበረበትም። አንተ እንደዚያ ሆነህ እሱ ምንም አልሆነም። እማ ስታየው ጮኸች። «ልጄን የበላ ቆዳ ነው፣ ከዓይኔ አርቁልኝ!» አለች። መርጋ ብብቱ ሥር ሸጉጦት ወጣ። የጣለው መስሎኝ ነበር።

ሁሉም የመጣው በዚያ ስልክህ ነው። ከሥራ ስትመለስ እጅህን ሳትታጠብ አልጋህ ላይ ተጋድመህ የዴንማርክና የስዊድን አናጺዎችን ታያለህ። «ና እይ ይህን ወንበር፤ አንድም ጌጥ የለውም። ጌጡ መገጣጠሚያው ነው» ትለኝ ነበር። እኔ የሚታየኝ ወንበር ብቻ ነው። የዚያ አገር ክረምት ጨለማ ስለሆነ ሰዎቹ እንጨቱን ሳያጠቁሩ በዘይት ብቻ አሽተው እንደሚተዉት፣ ይህም ቤታቸው እንዲፈካላቸው እንደሆነ ነገርከኝ። የአዳማ ፀሐይ አናታችንን እየበሳው እኛ ምን ጎደለን ብዬ አላገጥኩብህ። ሳቅክና መቀመጫውን አሳየኸኝ። ከወረቀት በተገመደ ገመድ ነው የሚጠልፉት። «አያታችን የሚተኛበት በጠፍር የተወጠረ አልጋ ትዝ አይልህም? ያው እኮ ነው! እነሱ ወረቀት ገመዱ፤ እኛ ቆዳ አለን!» ብለህ ከአልጋህ ዘለልክ። እንደዚያ ቀን ደስ ብሎህ አይቼህ አላውቅም።

ከዚያ በኋላማ ማን ይቻልህ። አሮጌ የፎቶ ፍሬም ላይ የእማን የልብስ ማስጫ ገመድ እየወጠርክ ትጠልፋለህ፣ ታፈርሳለህ፣ እንደገና ትጠልፋለህ። ጫፉን እኔን አስይዘህ፣ «ከሥር፣ ከላይ፣ ጥጉ ላይ ስትደርስ ከሥር» እያልክ የቤት ሥራዬን ታስረሳኛለህ። እማ ልብስ የምታሰጣበት ስታጣ ሁለታችንንም ሰደበችን።

እንጨት ቤት ደግሞ ሳቁብህ። ስምህን «ዴንማርክ» አሉህ፤ እኔም የዴንማርክ ወንድም ሆኜ ቀረሁ። ደንበኛ የሚፈልገው ወርቅ የተቀባ፣ እግሩ የአንበሳ መዳፍ የሆነ ሶፋ ነው። መርጋ ለእማ የጀመርከውን ወንበር ሙልጭ ያሉ የዋንዛ እግሮች እየዳበሰ፣ «ዴንማርክ፣ ይህ ወንበር እኮ ራቁቱን ነው፤ ሱሪ እንኳን አስታጥቀው እንጂ!» ሲል አሠሪያችሁ ሳይቀር በሳቅ ፈረሰ። እኔ ምሳ ላደርስልህ መጥቼ በምሳ ዕቃው ልፈነክተው ነበር። አንተ ግን አልተቆጣህም። «የእናቴ ወገብ ሱሪ ምን ያደርግለታል? ድጋፍ ነው የሚፈልገው» አልክ። እማ ሱቋ ውስጥ ቀኑን ሙሉ የለስላሳ ሳጥን ላይ ነው የምትቀመጠው። ምስር ስትለቅም አጠገቧ ቁጭ ብለህ፣ እየቀለድክ፣ ከጉልበቷ እስከ መሬት በስንዝርህ ለክተሃታል። እኔ ብቻ ነኝ ያየሁህ።

በተዕዚያው፣ ለቅሶህ ላይ በተቀመጥን በሦስተኛው ቀን፣ መርጋ የጀመርከውን ወንበር ጨርሶ በጋሪ ጭኖ መጣ። የድንኳኑ በር ላይ ቆሜ ሳየው ያንተ መሆኑን አላወቅኩም። በቫርኒሽ ያብለጨልጫል። ጫፍ ጫፉ ወርቅ ተቀብቷል። መቀመጫው ላይ ወፍራም ስፖንጅ፣ ከላዩ ቀይ ከፋይ፣ ዙሪያውን ቢጫ ዘርፍ። የሙሽራ ወንበር! ሰዉ ሁሉ ማሻአላህ አለ። ሽማግሌዎቹ መርጋን መረቁት። እማ ሰው ደግፏት ተቀመጠችበት፤ ከፋዩን በመዳፏ እየዳበሰች፣ «ልጄ የንግሥት ወንበር ሠርቶልኝ ሄደ» አለች። አንተን ከቀበርን ወዲህ ከለቅሶ ሌላ ቃል ሲወጣት ያን ቀን ነው የሰማሁት። ምን ልበላት? ይህ የልጅሽ ሥራ አይደለም ልበላት? ከድንኳኑ ወጣሁ።

ትናንት መርጋ እማን ሊሸኝ መጣ። መኪናው እንደተነሳ አላስቻለኝም። ግቢያችን መሃል ላይ፣ ጎረቤታችን እትዬ እንቁ በአጥሩ እየሰማችን፣ ያለኝን ሁሉ አወረድኩበት። በቁሙ ሳቃችሁበት፤ ሲሞት ደግሞ ሥራውን ቀባችሁበት አልኩት። ከፋይ ከምታለብሰው ብታነደው ይሻል ነበር አልኩት። ሌባም አልኩት፤ ምን ሰረቀ ብትለኝ አላውቅም። እሱ ኮፍያውን አውልቆ በእጁ እያሻሸ ይሰማኛል። በመጨረሻ «ጨረስክ?» አለኝ። ገብቶ ወንበሩን ተሸክሞ አወጣና፣ «በል ያ ጉርባ፣ አንተ ልጅ፣ ገልብጠው» አለ።

ገለበጥኩት። አናጺ ሁሉ ከስፖንጅ ሥር የችፑድ ጣውላ ነው የሚመታው። እዚህ ግን ችፑድ የለም፤ ጠፍር ነው። ያ ቆዳ፣ በቀጭኑ ተሰንጥቆ፣ እርጥብ እያለ ተወጥሮ፣ ልክ እንደ አንተ አጠላለፍ። በሥሩ በኩል ያለው እንጨትም ቫርኒሽ አልነካውም፤ በዘይት ብቻ ነው የታሸው።

መርጋ ወደኔ አላየም። «እናትህ ይህን ቆዳ እያየች የምትቀመጥበት ይመስልሃል?» አለኝ።

«ወርቁስ?» አልኩት።

አንገቱን አከከ። «ወርቁማ... እኔ ያማረ መስሎኝ ነው። ከፋዩ ብቻውን ደብዘዝ አለብኝ።»

ልስቅ ነበር። ከዚያ መሳቄ ራሱ አናደደኝና ሂድልኝ አልኩት። ሄደ።

ወንድሜ፣ ንዴቴ አልበረደልኝም። ያገኘኝ ሁሉ «በርታ፣ አሁን የቤቱ ወንድ አንተ ነህ» ይለኛል። እኔ የቤቱ ወንድ መሆን አልፈልግም፤ የዴንማርክ ወንድም መሆን ነው የምፈልገው። ቢሆንም ዱዓ አልነፍግህም። አላህ ቀብርህን ያስፋልህ፣ ብርሃን ይሙላልህ፣ ጀነትን ማረፊያህ ያድርግልህ። እማንም በጤና ይመልሳት።

ዛሬ ጠዋት ብቻዬን ነቃሁ። ዩኒፎርሜን ለበስኩ፤ ደብተሬን ያዝኩ፤ በሩ ጋ ስደርስ ተመለስኩና ወንበሩን ግቢ አውጥቼ ገለበጥኩት። ጠፍሩን ከሚጀምርበት እስከሚያልቅበት በጣቴ ተከተልኩት። መርጋ አንዱ ጥግ ላይ ስቷል፤ ከሥር ማለፍ የነበረበትን ከላይ አሳልፎታል። ማንም አያየውም። ቆዳው ደርቆ አጥንት ሆኗል። እርጥብ ጨርቅ አልብሼ እስኪለዝብ አጠገቡ ቁጭ አልኩ። እትዬ እንቁ በአጥሩ ብቅ ብላ፣ «አንተ ልጅ፣ ዛሬ ትምህርት የለም እንዴ?» አለችኝ።

«አለ» አልኳት።

ቋጠሮውን ፈትቼ ጠፍሩን በሥር መለስኩት፤ እጄ አልበቃ ሲለኝ በጥርሴ ነክሼ ሳብኩት።

ታናሽ ወንድምህ