ምስጋና የማይወድ የጎመን ቅጠል

ሪቻርድሰን፣ ቴክሳስ
ጥቅምት 12 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለውድ እህቴ ለእትዬ ሐዳሳ፣

እንደምን ሰነበትሽልኝ? የእማዬስ ወገብ እንዴት ሆነ? በስልክ ያልነገርኩሽ ነገር አለ፤ ስፒከር ላይ አድርገሽ ስለምታወሪ እማዬ ሰምታ ኡኡ እንዳትል ብዬ ነው። እግሬን ወለም ብሎኝ ነበር። አትደንግጪ፣ ራጅ ተነሥቻለሁ፣ አልተሰበረም። ይህን ደብዳቤ ለሠርግ የምትመጣው ኤዶም ታደርስልሻለች።

የማስታምማቸውን አሮጊት ታውቂያለሽ፣ ሚስስ ኖራን፣ የአየርላንዷን። ልጃቸው ፓትሪክ «እናቴ ሁሉን ረስታለች፣ ፍሪስኮ ከተማ የአረጋውያን መጦሪያ ላስገባት ነው» ብሎ ቁርጡን ሊነግራቸው ከሦስት ሳምንት በፊት ዓርብ ዕለት መጣ። እኔ ደግሞ ቆሻሻ ላወጣ ስል የጓሮው ደረጃ ላይ ዘጭ አልኩልሽ! ቁርጭምጭሚቴ ወዲያው አበጠ።

ፓትሪክ «911 ኮል ላድርግ፣ አምቡላንስ ይምጣ» እያለ ይንቆራጠጣል። ስሜን እንኳ የረሱት ሴትዮ ብድግ ብለው ፍሪጅ ከፈቱና ለጾም ምሳዬ የገዛሁትን ጥቅል ጎመን አወጡ። ቅጠሉን ገነጠሉ፣ ውሃው እስኪወጣ በጠርሙስ ዳመጡት፣ እግሬ ላይ ደራርበው በጨርቅ ጥፍር አድርገው አሠሩት። ምሳዬ እግሬ ላይ ቀረ በይው!

እኔ መቼም አፌ አያርፍም፣ «እግዜር ይስጥልኝ» አልኳቸው። «ምን አልሽኝ?» አሉ። ተረጎምኩላቸው። አቤት ቁጣ! በእነሱ አገር መድኃኒት ያደረገልሽ ሰው አይመሰገንም፣ ካመሰገንሽው መድኃኒቱ ይረክሳል። የታሠረውን ሁሉ ፈትተው በአዲስ ቅጠል እንደገና አሠሩኝ። እኔ ከንፈሬን ነክሼ ጭጭ! ለእኛ ሰው ይሄ እንዴት እንደሚከብድ አስቢው።

ቀና ብል ፓትሪክ እንባው ይወርዳል። ልጅ ሆኖ ከኳስ ሜዳ እያነከሰ ሲመጣ እንዲሁ ነበር የሚያሥሩለት። «ኦኬ፣ አንቺ ካለሽላት እዚሁ ቤቷ ትቆይ» አለኝ። በደስታ ልሞት! በር ላይ አመሰግናለሁ ሊለኝ ሲል «ኧረ ዝም በል!» ብዬ ጮህኩበት። ሚስስ ኖራ ከውስጥ ሰምተው ሳቃቸውን ለቀቁት።

አሁን ደረጃውን እንደ ድሮዬ እወጣለሁ። ጎመኑ ነው ያዳነሽ ወይስ ዕረፍቱ ብትዪኝ፣ ጎመኑ ነው፣ አልከራከርሽም።

እትዬ፣ እኔ እዚህ የሰው እናት ሳጥብ የእኛን እናት የምታጥቢው፣ የምታገላብጪው አንቺ ነሽ። ሁልጊዜ ስልኩን ስዘጋ የምልሽን ቃል ዛሬ አልጽፈውም። እማዬ ገና መዳን አለባት።

እመቤቴ ጉልበትሽን ታበርታልኝ።

እህትሽ ሰብለወርቅ