ከግድግዳው ሥር የተሰለፉት አራቱ ምድጃዎችህ

ለሐያት አባት፣ ለኔው ሰይድ፤

ባለህበት አላህ ይዘንልህ። ከተለያየን ከኢድ እስከ ኢድ፣ አንድ ዓመት ሆነን። ዛሬም ኢድ ነው፤ ዘንድሮም እንደ አምናው ሁዳዴ ውስጥ ገባ። እንግዶቹ ሄደው፣ ሐያትም አክስቷ ዘንድ ወጥታ፣ ግቢው ጭር ሲልልኝ ነው የምጽፍልህ። መጻፍ እንደማልወድ ታውቃለህ። ከሻሸመኔ መስመር ስትመለስ እንኳ ወሬዬን ሁሉ በር ላይ ቆሜ በአንድ ትንፋሽ ነበር የምዘረግፍልህ። ይህን ግን አፍ አውጥቼ ብጀምረው አልጨርሰውም፤ ስለዚህ ቁጭ ብዬ ልጻፈው አልኩ።

መጀመሪያ የቤቱን ወሬ ልንገርህ። አራት ወር ከአስር ቀን ከቤት ሳልወጣ የሐዘን ጊዜዬን ጨረስኩ። ሚኒባሱን ወንድምህ ይነዳዋል፤ ዳሽቦርዱ ላይ ያነጠፍከውን ያን የበግ ቆዳ አንስቶ ጣለው፣ እስካሁን እንደተቀየምኩት ነኝ። ሐያት ዘጠነኛ ክፍል ገብታለች። ቁመቷ አንተን አክሏል፤ ነጠላ ጫማህን አድርጋ ግቢ ውስጥ ስትሄድ ከኋላዋ ሳያት ድንግጥ እላለሁ። ፓፓያው ደርቆ ተቆረጠ። የሰርቪሷ ክፍል ደግሞ አሁን በር የላትም። በያጁን ገመቹን ጠርቼ ነው ያስነቀልኩት። ምን ላድርግልሽ ሲለኝ፣ ሁለተኛ እንዳይዘጋ አድርግልኝ አልኩት። ምንም ሳይጠይቀኝ በሩን ከነማጠፊያው ነቀለው፤ ሲወጣ ብቻ «ጀባዱ ዘሃራ» ብሎ አበረታኝ።

ምድጃዎችህ አሉ። ዘመድ ወዳጁ ሁሉ ለቆራሌው ስጫቸው፣ ባየሻቸው ቁጥር ቁስልሽን ነው የሚነኩት ይለኛል። አልሰጠሁም። አራቱንም ከግድግዳው ሥር በገቡበት ቅደም ተከተል አሰልፌያቸዋለሁ፣ ትልቁን ከወዲያ ታናሹን ከወዲህ። የሚስቅብኝ ይሳቅብኝ።

የመጀመሪያዋ ቸርኬዋ ናት። ከመናኸሪያው ጀርባ አንዲት ክፍል ተከራይተን ስንኖር፣ ከጎማ ጠጋኝ ቤት የተጣለ የጭነት መኪና ቸርኬ በእግርህ እያንከባለልክ መጣህ። እኔ ገና ሙሽራ ነኝ፤ የሰው ባል ወርቅ ይዞ ይገባል፣ የኔው ዝገት ይዞ ይመጣል ብዬ አኮረፍኩ። ከላይዋ የጣልክባት ፍርግርግ የአሮጌ አልጋ ሽቦ ነበረች። ስጋው መሃሉ ያርራል፣ ዳር ዳሩ ጥሬ ነው። ጣፍጦኝ ነበር ብዬ አልዋሽህም። አፍ አፌን እያየህ ስለነበር ነው የበላሁት።

ሁለተኛው በርሜሉ ነው። ይህን ግቢ ስናገኝ ከቆርቆሮው አጥር ማዶ እትዬ አስካለ ነበሩ፣ ባላቸው የሞቱባቸው የምንጃር ሴት። ገና ዕቃ ሳናወርድ አንድ ሳህን ንፍሮ በአጥሩ ቀዳዳ አቀበሉን፤ ያ ቀዳዳ ከዚያን ቀን ጀምሮ ተደፍኖ አያውቅም። የእሳቸውና የእኛ ስጋ አንድ ላይ እንደማይጠበስ እኛም እሳቸውም እናውቃለን። አንተ ግን በዓል በመጣ ቁጥር እሳቸው ብቻቸውን በዚያ፣ እኛ በዚህ ስንጠብስ አልዋጥልህ አለ። ገመቹን በርሜል ለሁለት አሰንጥቀህ፣ እግሩን በቶንዲኖ ብረት አስበይደህ፣ ፍርግርጉን መሃል ለመሃል በላሜራ አስከፈልከው። ወዲህ የእኛ፣ ወዲያ የእሳቸው። ሁለት መቆንጠጫ ገዛህ፤ የእሳቸው እንዳይምታታ እጀታው ላይ ቀይ ሽቦ ጠመጠምክበት። ላሜራው ግን ከሰሉ ድረስ አይወርድም ነበር። እትዬ አስካለ ጎንበስ ብለው አይተው፣ «ሰይድ፣ እሳቱንማ ሳትከፍለው ቀረህ» እያሉ ይስቁብህ ነበር። ፋሲካ ሲሆን እሳቸው ስጋቸውን ይዘው በወገናቸው ይቆማሉ፣ ኢድ ሲሆን እኛ በወገናችን።

ሦስተኛው ያ ረጅሙ ነው። ላንጋኖ እንግዳ አድርሰህ ስትመለስ፣ ሐይቁ ዳር ዓሣ በጭስ ሲያበስሉ አይቼ መጣሁ ብለህ አንድ ሳምንት ሙሉ ሌላ ወሬ አላወራህም። ሌላ በርሜል አቁመህ፣ ክዳን ሠርተህለት፣ ለጭሱ መውጫ ቧንቧ ተከልክበት። ከዝዋይ የመጣውን ዓሣ ሰቅለህ ያጨስክበት እንጨት ግን ከገመቹ ግቢ የለቀምከው የተሰበረ በር ነበር፤ ቀለሙ ገና ላዩ ላይ ነው። ዓሣው ቀለም ቀለም አለ። ድመቷ አሽትታ ትታው ስትሄድ ያየሃት አስተያየት ትዝ ባለኝ ቁጥር ዛሬም ሳቄ ይመጣል። በኋላ ግራር ማንደድ ስትጀምር ተሳካልህ። ዓሣ ሲሆን ደግሞ ላሜራም አላስፈለገን፤ እትዬ አስካለም እኛም ከአንድ ትሪ በላን።

አራተኛው ትንሹ ነው። አምና ረመዳን ሊገባ ሲል ከአዲስ አበባ ገዝተህ የመጣኸው፣ ባለ ክዳኑ፣ ጎማ ያለው። ይህ እንደነዚያ አያጨስም ብለህ ኮራህበት። ከሰሉ አንዴ ከቀላ ጭስ የለውም ትል ነበር። እኔም አምን ነበር። ሁላችንም እንዲሁ ስንባል ነው ያደግነው፤ ከሰል የሚጎዳው ጥቁር እያለ ነው፣ ከቀላ በኋላ ምንም አይልም። እናቴም የምትለው ይህንኑ ነበር።

አሁን የምፈራው ቦታ ላይ ደረስኩ።

አምና በኢድ ቀን ከሰላት ተመልሰህ በርሜሉን ግቢው መሃል አወጣህ። ክብሪት ስትፈልግ ደረስኩብህ። ዛሬ ደጅ አይጠበስም አልኩህ። እትዬ አስካለ ታመው ከርመው ገና ቀና ማለታቸው ነበር፤ ሐኪም ጾሙን ይተዉት ቢላቸው እምቢ ብለው እስከ ዘጠኝ ሰዓት እህል አይቀምሱም። የአዳማን ነፋስ ታውቀዋለህ፣ ያን ቀን ደግሞ ከእኛ ወደ እሳቸው ነበር የሚነፍሰው። ባዶ ሆዳቸውን ለተኙ ሰው ይህን ሁሉ የስጋ ሽታ በመስኮት መስደድ ነውር አይደለም ወይ አልኩህ። አንተ ሳቅህ። ካቻምናም ሁዳዴ ነበር፣ ካቻምናም ደጅ ነው የጠበስነው፣ ምን አሉን አልከኝ። እኔ አንዴ ከያዝኩ እንደማልለቅ ታውቃለህ። ድምፄን ከፍ አደረግሁብህ። እንግዳ ሊመጣ ስለነበር ጠብ አልፈለግህም፤ ትንሹን ምድጃ እየገፋህ ሰርቪሷ ክፍል ገባህ።

ትንሽ ቆይቼ በዚያ ሳልፍ ሽታው በበሩ ሥር ይወጣል። የወለል መወልወያውን ጨርቅ አጥቤ አስጥቼው ነበር። እርጥቡን አነሳሁና፣ በሩን ገርበብ አድርገህ ስትቀበለኝ፣ ይህን ከሥር ወትፈው፣ መስኮቱንም ዝጋው አልኩህ። «አንቺ እኮ ሽታ ታስሪያለሽ» አልከኝ። ድምፅህን የሰማሁት ለመጨረሻ ጊዜ ያኔ ነው። ጨርቁ ከውስጥ ሲጎተት፣ ቀዳዳው ሲደፈን ቆሜ አየሁ። ጎሽ ብዬ ወደ እንግዶቼ ሄድኩ።

ስጋው ሲዘገይብኝ ልጣራ መጣሁ። በሩን ስገፋው ጨርቁ ያዘኝ፤ በትከሻዬ ገፋሁት። ጄሪካን ገልብጠህ ተቀምጠሃል፣ ራስህን ግድግዳው ላይ ጣል አድርገሃል፣ መቆንጠጫው እጅህ ላይ ነው። ፊትህ ቀልቶ ነበር፣ ያማረበት ሰው ፊት ነበር። ተኝቶ ነው ብዬ ተቆጣሁህ። እየው ስጋው ሲያር አልኩህ። በአንድ ጎኑ ከስሎ፣ በሌላው ጎኑ ጥሬውን ነበር፤ የሚገለብጠው ሰው አጥቶ። የቀላ ከሰል ጭስ ባይኖረውም በዝግ ክፍል ሰው እንደሚገድል ያወቅሁት አንተን ካጣሁ በኋላ ነው።

ሰዉ ሲሰበሰብ ሁሉም አንድ ነገር ጠየቀ። ይህን የሚያህል ግቢ እያለው ምን አስገባው? ነፋሱ አስቸግሮት ነው አልኩ። እንዴት እንደወጣልኝ አላውቅም፣ ግን ወጣ፤ ከወጣ በኋላም ሁሉም ተቀበለው። ወንድምህም ለለቀስተኛው እንዲያ እያለ አስረዳ። ሐያትም እስከዛሬ የምታውቀው እሱን ነው። እትዬ አስካለ ግን አልተቀበሉትም። ከታመሙበት ተነስተው ሦስቱንም ቀን ሐዘን ቤታችን ተቀመጡ፤ ከዚያም ወዲህ በመጡ ቁጥር ያቺኑ ይጠይቁኛል። «ሰይድ ነፋስ የሚፈራ ሰው አልነበረም። ምን አስገባው ልጄ?» ይላሉ። እኔ ሳህን አነሳለሁ፣ ውሃ ልቅዳ እላለሁ፣ ሰው ጠራኝ እላለሁ። አንድ ዓመት ሙሉ ከአንዲት አሮጊት ጥያቄ ስሸሽ ኖርኩ።

ዛሬ ጠዋት በከዘራቸው እየተደገፉ እንኳን አደረሳችሁ ሊሉን መጡ። ዕለቱ እሁድ ስለሆነ እስከ ዘጠኝ ሰዓት አይቆዩም፤ የጾም ምስር ለብቻ ሠርቼላቸው ነበር፣ በረንዳው ላይ አቀረብኩላቸው። ሁለት ጊዜ ጎርሰው ምድጃዎቹን አዩና፣ ዘንድሮ አታነዱም ወይ አሉኝ። ይቅርብኝ አልኳቸው፣ ለእርስዎም ጾም ነው። እሳቸውም እንዲህ አሉኝ፦ «እኔ የምጾመው ከሆዴ ነው እንጂ ከጎረቤቴ ሽታ አይደለም። ጭሱ ሲመጣ መስኮቴን እከፍታለሁ። ሰይድ ዛሬ ከመንገድ ቤቱ ገብቷል፣ ልጁም ሚስቱም ተሰብስበዋል እላለሁ። ብቻዬን ለምኖር ሰው እኮ ደስ ይላል። አምና ግን ተኝቼ ብጠብቅ ብጠብቅ ምንም አልሸተተኝም። በበዓል ቀን መንገድ ሄደ እንዴ ብዬ ቅር አለኝ።»

ሰይድ፣ ከዚህ በላይ መሸከም አቃተኝ። ነፋሱ አይደለም አልኳቸው። ጾምዎን እንዳይነካብዎት ብዬ እኔ ነኝ ያስገባሁት፤ ጨርቁንም ያቀበልኩት እኔ ነኝ አልኳቸው። የጠቀለሉትን ጉርሻ ሳህኑ ላይ መለሱት። «ለኔ ብሎ?» አሉ። «ለኔ ብሎ ነው የሞተው?» ብለው ደገሙት። ከዚያ ተነሱ። ልደግፋቸው እጄን ስዘረጋ በከዘራቸው ከለከሉኝ። ቤታቸው ሲገቡ መስኮታቸው ሲዘጋ ሰማሁት።

ምነው አፌን በቆረጠው አልኩ። አንተን የገደልኩት ሳያንሰኝ፣ ሸክሙን ሰማንያ ዓመት በተጠጋ ሰው ትከሻ ላይ አራገፍኩት። የዙህር ሰላቴን እንኳ ምን እንዳልኩ ሳላውቅ ነው የሰገድኩት። እንግዶች ሲመጡ ሲሄዱ ዓይኔ ከዚያ መስኮት አልተነሳም።

ሰው ሁሉ ሲሄድልኝ በርሜሉን ጎትቼ ግቢው መሃል አወጣሁት። ወንድምህ ያመጣው ስጋ ነበር። በእኛ ወገን ባለው ፍርግርግ ላይ ጣልኩት፣ የእሳቸውን ወገን ባዶውን ተውኩት። ነፋሱ እንደ አምናው ነው፣ ወደ ማዶ። ጭሱ በአጥሩ አናት ተሻግሮ መስኮታቸው ላይ ሲያርፍ ቆሜ አየሁ። መስኮቱ አልተከፈተም። ስጋውን ገለበጥኩት። አሁንም አልተከፈተም። ከሰሉ አመድ መልበስ ሲጀምር፣ በቃ ይህንንም አጣሁ አልኩ።

ያን ጊዜ ከዘራ ቆርቆሮውን ሲነካ ሰማሁ። እትዬ አስካለ ከቀዳዳው ማዶ ቆመዋል፤ ነጠላቸው ብቻ ነው የሚታየኝ። ከዚያ ለቅሶ በያዘው ድምፅ «ዘሃራ፣ ጭሱ መጣልኝ» አሉኝ። ከዘራቸው ቀስ እያለ ወደ ቤታቸው ሲመለስ ሰማሁ፤ እኔም አጥሩን ይዤ አለቀስኩ። ይቅር አሉኝ ብዬ አልጽፍልህም። እሳቸው አላሉኝም፣ እኔም አልጠየቅኳቸውም። ምን አስገባው የሚለውን ጥያቄ ግን ሁለተኛ አይጠይቁኝም።

ትንሹን ምድጃ ከእንግዲህ ማንም አያነደውም። ያን ጨርቅ ውስጡ አድርጌ ክዳኑን ገጥሜበታለሁ። በርሜሉን ግን ኢድ በመጣ ቁጥር እዚያው ደጅ አነደዋለሁ፣ ሁዳዴም ቢሆን ፍስክም ቢሆን፤ እትዬ አስካለም እስካሉ ድረስ ወገናቸውን ማንም አይነካውም። ነፋስ ሸሽተህ ሳይሆን፣ ለጎረቤት ጾም የተጠነቀቀች ሚስትህን እሺ ብለህ እንደሞትክ ነው የማስታውስህ። ነፋሱ ነው የሚለውን ግን ከዛሬ ጀምሮ ከአፌ አይሰሙትም።

መግሪብ ሊደርስ ነው፣ ሐያት አሁን ትመጣለች። ስጋውን ሸፍኜ አቆይቼላታለሁ። በልታ ስትጨርስ ለእሷም እነግራታለሁ።

ያንተዋ ዘሃራ