እየቆረጥን ያሳጠርነው ሬዚስታንስ

ይድረስ ለታላቅ ወንድሜ ለሀይረዲን፣ ወራቤ።

አሰላሙ ዓለይኩም ወራህመቱላህ። ጤናህ እንዴት ነው? ጉልበትህን የሚይዝህ ነገርስ ተሻለህ? የእናታችን ዓይን እንዴት ሆነ? ባለቤትህ መርዋና ልጆቹስ? እኔ አልሐምዱሊላህ አካሌ ደህና ነው። ሐሳቤ ግን ደህና አይደለም። በስልክ ብነግርህ ስቀህ ስላለፍከኝ በጽሑፍ አደረግኩት።

እትዬ የሺሐረግ ቃሊቲ ማረሚያ ቤት አጠገብ ለእስረኛ ጠያቂዎች ሽሮና ፍርፍር ይሸጡ የነበሩ ናቸው። የኤሌክትሪክ ምድጃቸው ሬዚስታንስ፣ የሚግለው ጥምዝ ሽቦ፣ በተበጠሰ ቁጥር ወደ ጥገና ሱቄ ያመጡታል። እኔም አንተ እንዳስተማርከኝ የተቃጠለውን ቆርጬ እጥልና ሁለቱን ጫፍ ጠምዝዤ አስራለሁ። የዕለት ማስታወሻዬ ላይ ሦስት ጊዜ ተጽፏል። በሦስተኛው እየሳቁ፣ “ከሊል፣ ይኼ ምድጃ ጂኒ ገብቶበታል እንዴ? ሽንኩርቱን ከትፌ ሳልጨርስ ውሃው ይፈላል” አሉኝ። እኔም ሙገሳ መስሎኝ ደስ አለኝ።

የካቲት 20 ከሰዓት በኋላ ቤታቸው ተቃጠለ፤ እሳቸውም አልወጡም። እሳቱ የተነሳው ከሶኬቱ ጀርባ፣ ግድግዳው ውስጥ ነው። ቀብር ላይ ሰው ሁሉ ኮንታክት ነው ይል ነበር። እኔም አዎ፣ ኮንታክት ነው አልኩ።

በሳምንቱ ልጃቸው ጠጄ ያንኑ ምድጃ በማዳበሪያ ጠቅልላ አመጣችው። ጥቀርሻውን ጥረግልኝ፣ የእናቴን ሥራ ልቀጥልበት አለችኝ። ለመሞከር ሰካሁት። ወዲያው ቀላ። ያኔ፣ ስንት ጊዜ ሳስረው ያላደረግኩትን፣ የሚስበውን አምፔር ለካሁ።

ሂሳቡን አብረን እንየው። አዲስ ሬዚስታንስ በ220 ቮልት አሥር አምፔር ይስባል። ቮልቱን ለአምፔሩ ብታካፍለው ሃያ ሁለት ኦም፣ ብታባዛው 2200 ዋት ነው። የእሳቸው አሥራ ስድስት አምፔር አነበበ። ስታካፍለው ኦሙ ወደ አሥራ አራት ወርዷል፤ ስታባዛው 3520 ዋት ደርሷል። ሽቦው ባጠረ ቁጥር የሚያልፈው አምፔር ይበዛል። ቤቱ ሲበዛበት የሚቆርጥ ብሬከር የለው፣ የግድግዳው ገመድ ከአሥር አምፔር በላይ አይችል። እትዬ የሺሐረግ ጂኒ ያሉት እነዚያን ስድስት ትርፍ አምፔሮች ነው፤ ያስገባኋቸው ደግሞ እኔ ነኝ።

ለጠጄ ሁሉንም ነገርኳት። “ቁጥሩን ወረቀት ላይ ጻፍልኝ” አለች። ጻፍኩላት። አጥፋ ቦርሳዋ ውስጥ ከታ ወጣች። ለማን እንደምታሳየው አልጠየቅኳትም። ሱቄን ከፍቼ የሚመጣውን እየጠበቅኩ ነው።

ከዚያ ወዲህ ማስታወሻዬን ይዤ ያሰርኩላቸውን ደንበኞች በየደጃቸው እዞራለሁ። ሠላሳ አንድ ናቸው፤ አሥራ ዘጠኙ ጋ ደርሻለሁ። በነጻ ልቀይርላችሁ ስል ብዙዎቹ እምቢ ይሉኛል። አንዷማ፣ “ፍጥነቱን ልትቀማኝ ነው?” አለችኝ። ውሃ ሲንተከተክ በሰማሁበት ደጅ ሁሉ፣ በጠራራ ፀሐይ፣ የእትዬ የሺሐረግ ሳቅ ይሰማኛል።

አንተ ለስንት ሰው እንዳሰርክ አላህ ያውቃል። መዝገብ ስለማትይዝ በቃልህ አስታውስና ከቅርቡ ጀምር።

የእናታችንን እጅ ሳምልኝ። ሐጀራን አጎትሽ ናፍቀሽዋል በላት። መርዋንም ሰላም በልልኝ። በአረፋ መጥቼ የእሷንም ምድጃ ሁለት ጊዜ ቆርጬ አስሬላት፣ ሾርባው ቶሎ ደረሰ ብላ መርቃኛለች። ይህን ስታነብ ተሰክቶ ከሆነ፣ ወረቀቱን አስቀምጥና ሄደህ ንቀለው።

ወንድምህ ከሊል
አቃቂ በሰቃ፣ መጋቢት 14 ቀን 2017 ዓ.ም.