እሜቴ ሽቦ፦ ዕድሜን የለኩ አያታችን

ይህ የሕይወት ታሪክ አንድም ስህተት የለበትም። የጻፍኩት እኔ የልጅ ልጃቸው ነኝ፤ አያታችንን በመጨረሻዎቹ ሳምንታታቸው በገዛ እጄ የለካኋቸውም እኔው ነኝ። ታላቁ አጎቴ «የተማሩት ይጻፉት እንጂ፣ ከስምንተኛ ክፍል ጋር ገና ያልተስማማች ልጅ ምን ትጽፋለች?» ብለው ነበር። የተማሩት ጽፈው ሲያነቡላቸው ግን ሁለተኛው ገጽ ላይ እንቅልፍ ወሰዳቸው።

አያታችን በ1943 ዓ.ም. ከሰዓት ሠሪ አባታቸውና ከልብስ ሰፊ እናታቸው፣ ከስፌት ሱቁ ጀርባ ባለች አንዲት ክፍል ተወለዱ። ለአምስት ልጆች ታላቅ ሲሆኑ መርፌ መያዝን ከእናታቸው፣ ትዕግሥትን ከአባታቸው ተማሩ። ዕድሜያቸው ለትምህርት ሲደርስ ትምህርት ቤት ገብተው በየዓመቱ አንደኛ ወጡ። ሁለተኛ የወጡበት አንድ ዓመት አለ፤ ስለ እሱ ማውራት አይወዱም ነበር። በ1966 ዓ.ም. በሥነ ሕይወት ተመረቁ፤ ቆይተውም የዶክትሬት ዲግሪያቸውን አግኝተው በአንድ የምርምር ተቋም እስከ ጡረታ አገለገሉ።

በ1969 ዓ.ም. ከአውቶቡስ መካኒክ ባለቤታቸው ጋር ትዳር መሥርተው ሦስት ልጆች አፍርተዋል። ማታ ማታ ባለቤታቸው ግራሶ እየሸተቱ፣ እሳቸው አይጥ አይጥ እየሸተቱ በር ላይ ሲገናኙ፣ «ማን ቀድሞ ይታጠብ?» እየተባባሉ ይከራከሩ እንደነበር እናቴ ትናገራለች።

የዕድሜ ልክ ጥያቄያቸው አንድ ነበር፦ ስናረጅ ጡንቻችን የሚሟሽሸው፣ ልባችን የሚደክመው፣ አእምሯችን የሚረሳው ለምንድን ነው? መልሱን ደም ውስጥ ፈለጉት። አንዲት ያረጀች አይጥና አንዲት ወጣት አይጥ አደንዝዘው ጎን ለጎን ይሰፏቸው ነበር። ቁስሉ ሲድን ደም ሥሮቻቸው ይገናኙና ሁለቱ አንድ ደም ይጋራሉ። እጃቸው ስፌት ሱቅ ውስጥ ያደገ ስለሆነ እንደ እሳቸው የሚሰፋ በተቋሙ አልነበረም። ከሳምንታት በኋላ የአሮጊቷ የተጎዳ ጡንቻ ቶሎ ይድናል፤ የወፈረው የልቧ ግድግዳ ይሳሳል፤ አእምሮዋም አዳዲስ ሴሎች ያበቅላል። አያታችን፣ «ይህን የሚያደርጉት ከደም ጋር የሚዞሩ ፕሮቲኖች ናቸው» ይሉ ነበር። ከዕድሜ ጋር አንዳንዱ ይቀንሳል፣ አንዳንዱ ይበዛል፤ ጡንቻም ልብም አእምሮም የሚመጣላቸውን መልእክት እየሰሙ እንደተባሉት ይሆናሉ።

የአይጧን ጉልበት ለመለካት ቀጭን ሽቦ ላይ አንጠልጥለው እስክትወድቅ ሰዓት ይይዛሉ። (ከታች ስፖንጅ አለ፤ አትዘኑላት።) ተማሪዎቻቸው ከኋላቸው «እሜቴ ሽቦ» የሚሏቸው ለዚህ ነው። እኛንም በየልደታችን ከኮሪደሩ ብረት ላይ አንጠልጥለውናል። ታላቁ አጎቴ አንድ ልደት ላይ ወድቀው ወንበር ሰብረዋል፤ ይህን አጥፊው ብለውኝ ነበር።

በ1998 ዓ.ም. አንዱን ፕሮቲን ብቻ የተወጉ ያረጁ አይጦች ከሽቦው አንወርድም አሉ። ተቋሙ ጮቤ ረገጠ፤ አያታችንም ትልቅ ጉባኤ ላይ እንዲናገሩ ተጠሩ። አንድ ቀን ግን በር ላይ ቆመው ሲያዩ፣ የሚለካው ወጣት ተመራማሪ ፕሮቲኑን የተወጋችና በጣም የሚወዳት አሮጊት አይጥ ልትወድቅ ስትል ጅራቷን በጣቱ ደገፍ ያደርጋታል።

«እኔ? በፍጹም፣ ዶክተር! እናቴ ትሙት!» አለ።

«እናትህን ተዋት። አንተ አልዋሸህም፤ ጣትህ ነው የዋሸው» አሉት።

የዓመቱን ውጤት በሙሉ ጣሉት፤ ጉባኤውም ቀረ። ከዚያ ወዲህ የትኛዋ አይጥ ምን እንደተወጋች የሚያውቅ ሰው እንዳይለካ ከለከሉ። እንደገና ሲለካ ውጤቱ ከፊተኛው በጣም ያነሰ ሆነ። ያሳተሙት እሱን ነው።

ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ የራሳቸው ልብ ደከመ። በዚህ ዓመት ሆስፒታል ሲተኙ እኔ ከትምህርት ቤት በቀጥታ፣ አንዳንዴም በትምህርት ሰዓት፣ አጠገባቸው እገኝ ነበር። አንድ ቀን እጅጌዬን ሰብስቤ፣ «እማማ፣ የኔን ደም ይውሰዱ፤ የአሥራ ስድስት ዓመት ደም ነው» አልኳቸው።

«ወጣቷ አይጥስ ምን ሆነች ብለሽ ጠይቀሽ ታውቂያለሽ?» አሉኝ።

ጠይቄ አላውቅም። ለካ ወጣቷ ትደክማለች፤ የአሮጊቷ ደም እሷንም ያስረጃታል።

«ደግሞ እኔ አይጥ አይደለሁም፤ ሰው ላይ ገና አልተረጋገጠም። እጅጌሽን አውርጂ፣ ይበርድሻል።»

ሐኪማቸው ጉልበታቸው ከተመለሰ ወደ ቤት እንደሚሄዱ ነገረን። እኔም ከተቋማቸው፣ ሲጨምቁት ጠቋሚ መርፌው የሚነሣ የእጅ ጉልበት መለኪያ አስመጥቼ በየቀኑ ለካኋቸው፤ መርፌው በየቀኑ ከፍ አለ። አጎቴ ለዘመድ ሁሉ «ሊመጡ ነው!» እያሉ ደወሉ፤ እናቴ የመኝታ ቤታቸውን መጋረጃ አጥባ ሰቀለች።

ሆኖም ማክሰኞ የካቲት 11 ቀን 2017 ዓ.ም. በተወለዱ በ74 ዓመታቸው ከዚህ ዓለም በሞት ተለይተዋል። ሦስት ልጆችና ሰባት የልጅ ልጆች፣ ቁጥራቸው የበዛ ተማሪዎችም ትተው አልፈዋል። ፈጣሪ ነፍሳቸውን ማንም ተንጠልጥሎ በማይወድቅበት ቦታ ያሳርፍልን፤ እኛንም ያጽናን።

አያታችን የጎደለ ውጤት ስለማይወዱ የመጨረሻውን ልኬት ላቅርብ። ከማረፋቸው በፊት በነበረው እሑድ መለኪያውን አስያዝኳቸው፤ እንዳይወድቅባቸውም እጄን በእጃቸው ላይ አደረግኩ። መርፌው ከሁሉም ቀን በላይ ወጣ።

«እማማ፣ ጨመረ! ይዩት!» ብዬ ጮህኩ፤ እናቴና አጎቴ አጨበጨቡ።

አያታችን መነጽራቸውን እንዳቀብላቸው ጠይቀው አደረጉ። መርፌውን አዩ። እጄን አዩ።

«የጨመቅሽው አንቺ ነሽ» አሉኝ።