ኮላ ያልያዘው እርጥብ ባሕር ዛፍ

ታዴ ሆዴ፣

ከተለየኸን አንድ ዓመት ከሁለት ወር ሆነ። ጊዜ ያስረሳል ይሉኛል፤ እኔን አላስረሳኝም።

ሲግናል ሰፈር ያለውን የእንጨት ሥራ ቤትህን አልዘጋሁትም። ወንበርና ሳጥን እጠግንበታለሁ። ልጃችን አልማዝ ስድስተኛ ክፍል ገብታለች፤ በቁመት ልትደርስብኝ ነው።

የማውቀው ሁሉ አንተ ያሳየኸኝ ነው። ወይራ ቅባት ስላለው ገና እንደተላገ ካልተጣበቀ ኮላውን ይገፋል። ደረቅ ዝግባ ኮላውን ወደ ውስጥ ስለሚስበው እንጨቱ ቢሰበር እንኳ መጋጠሚያው አይላቀቅም። እርጥብ እንጨት ግን ሲደርቅ ይኮማተርና ከኮላው ይለያል። ይህን እያወቅኩ ነው ያስገደድኩህ።

ያን ጊዜ የቀበሌያችን ሊቀመንበር ገና በዚያው ሳምንት ከእንጦጦ የተቆረጠ ባሕር ዛፍ አስጭኖ መጣ። ለአዳራሹ አግዳሚ ወንበሮች በአሥር ቀን እንዲደርሱለት ፈለገ። እንጨቱ ለመድረቅ ወራት እንደሚፈጅ ረጋ ብለህ አስረዳኸው። ፊቱ ሲጠቁር አይቼ እንዳያሳስርህ ፈራሁና ወደ ጓዳ ጠራሁህ።

«አልማዝ ትሙት፣ እሺ በለው» አልኩህ።

«እሺ፤ ግን አይይዝም» አልከኝ።

አልያዘም። በጋው ሲጠና መጋጠሚያው ሁሉ አፉን ከፈተ፤ ስብሰባ መሃል አንዱ አግዳሚ ከነሰዎቹ ወደቀ። አሻጥር ነው ተባለና ወሰዱህ። አምስት ወር ስንቅ አመላለስኩ። የተፈታህ ዕለት በር ላይ ሳትደርስ ሳልህን ሰማሁት። ሦስት ሳምንት እንኳ አብረኸን አልቆየህም። አንድ ቀን «አንቺ ነሽ ያመጣሽብኝ» ብትለኝ ይቀለኝ ነበር። ይልቁንም ስንቅ ስታመላልሺ ከስተሻል ብለህ ለእኔ አዘንክ።

ባለፈው ሳምንት ያው ሊቀመንበር ለራሱ ቤት በር ሊያሠራ እርጥብ ሳንቃ ይዞ መጣ። እንጨቱ ሲደርቅ እንዲመለስ ነገርኩት። ትክ ብሎ ሲያየኝ ቆየና ሳንቃውን አስጭኖ ሄደ። ሌላ ምንም አልሆነም፣ ታዴ። በሩን ዘግቼ መሬት ላይ ቁጭ አልኩና አለቀስኩ። ያን ቀን አፌን ብይዝ ኖሮ ያኔም ምንም ላይሆን ይችል ነበር።

አልማዝ ሰፈር ውስጥ አባቷን አሻጥረኛ ሲሉት ሰምታ ጠይቃኛለች። እስካሁን አባትሽ ንጹሕ ሰው ነው ከማለት በቀር አልደፈርኩም። እሁድ መቃብርህ ድረስ ይዣት እመጣለሁ። አይይዝም ብለህ እንደነበር፣ እሺ ያሰኘሁህም እኔ እንደሆንኩ እዚያው እነግራታለሁ። ብትጠላኝም ትጥላኝ፤ አንተን ግን በትክክል ታስታውስሃለች።

ሚስትህ የሺ