ክቡ ከየት በኩል ነው የሚያድገው?

ለተከበሩ የአዲሱ የከብት ገበያ የሠራተኛ ቅጥር ኃላፊ
ሞያሌ፣ ኬንያ

እርስዎም፣ ባለቤትዎም፣ ልጆችዎም፣ ቢሮዎ ደጃፍ የሚያስሩት ያ ወፍራም በግም ጭምር እንዴት ሰነበታችሁ? ጤናችሁ ዝናብ እንዳገኘ ሣር ይለምልም እያልኩ፣ እኔ ዋሪዮ፣ ከድንበሩ ወዲህም ሆነ ወዲያ የቅርጽ ፈተና በመፍታት የሚስተካከለኝ ሰው እንዳልተወለደ በትሕትና አሳውቃለሁ። ወዲያኛው በኩል ከበዛ ወዲህኛው ብቻ ይያዝልኝ፤ እሱም ከበዛ የእኛ መንደር ይበቃኛል፣ የማታ አስተማሪዬን መምህርት ኢክራንን ሳይጨምር።

በአማርኛ የጻፍኩልዎ በማታ ትምህርት የለየሁት ፊደል እሱ ብቻ ስለሆነ ነው። ግምጃ ቤት ጠባቂዎ ሀላኬ ያነብልዎታል። እሱ ቢያፍር እንኳ አንዱን ቅጂ ሻይ ቤቱ ግድግዳ ላይ ስለለጠፍኩት ገበያው በሙሉ ይተረጉምልዎታል።

በቅድሚያ ምስጋና። ስንት ፍየል ገባ፣ ስንት ወጣ ብሎ በር የሚጠብቅ፣ እናንተ አስካሪ የምትሉትን ዘበኛ ለመቅጠር ክብና ሦስት ማዕዘን የሞላበት ወረቀት ማቅረብዎ ትልቅ አስተዋይነት ነው፤ ፍየሎቻችን እስከ ዛሬ ያለ ቅርጽ ዕውቀት ሲጠበቁ መኖራቸው ያሳዝናል። «ፊደል የለበትምና ለማንም አያዳላም» ማለትዎንም ሰምቼ ተደስቻለሁ። አሁን ወደ ቅሬታዬ ልግባ።

አንደኛ፤ ተዘጋጅቼ ነበር። ያለፈውን ዓመት ፈተና ቅጂ ገዝቼ፣ መምህርት ኢክራን ጥቁር ሰሌዳው ላይ እየሳለችልኝ፣ በእንጨቷ ከግራ ጀምራ ቅርጹን አንድ በአንድ እየነካች ስትጠይቀኝ አንድም አልሳትኩም። ባለቤቴ ራቢዓ «ይሄ ሰውዬ ፓይለት ሊሆን ነው እንዴ?» እስክትል ድረስ ቤቱን በክብ ሞላሁት። ብስኩት ሳይ ክብ፣ ሳምቡሳ ሳይ ሦስት ማዕዘን ሆነብኝ፤ አራት ሳምቡሳ ቀርቦልኝ አምስተኛው ጫፉን ወዴት ያዞር ይሆን ስል በረደብኝ።

ሁለተኛ፤ በፈተናው ዕለት ወረቀት እንጂ እንጨት አላቀረባችሁም። አራት ክቦች ተደርድረዋል፤ ቀጥሎ የሚመጣውን ምረጥ። እኔ ልጅ ሆኜ ጎዶማ መንደር ቁርኣን የቀራሁ ሰው ነኝ፤ በእንጨት ሰሌዳው በሉሕ ላይ የጽሑፉ መነሻ በቀኝ ነው። ፊደል ቢኖርበት ኖሮ «እንደ አማርኛህ ከግራ ጀምር» ይለኝ ነበር። ፊደል ሲያጣ ዓይኔ ወደ ለመደው ሄደ። ከቀኝ ስጀምር ክቡ እያነሰ፣ እያነሰ መጣ፤ እኔም ነጥብ የምታክለውን መረጥኩ። ለካ የእርስዎ ክብ እያደገ ኖሯል! በእኛ አገር ኩሬውም፣ ላሙም፣ ደመናውም ሲያንስ እንጂ ሲያድግ ስላላየን ይቅርታ እንጠይቃለን። በሌላኛው ጥያቄ ላይም ነጥቧ ወደ ሳጥኑ ትገባለች ስትሉ፣ እኔ ከሳጥኑ አስወጣኋት። ለበር ጠባቂ መውጣቱም አንድ ዕውቀት ነበር።

ግራ ስለገባኝም ዝም አላልኩም። በዚያ ሁሉ ሰው መካከል እጄን አውጥቼ «ጌታዬ፣ መነሻው በየት በኩል ነው?» ብዬ በድፍረት ብጠይቅ፣ ፈታኝዎ ፍራንሲስ «ዝም በል!» ብለው አስቀመጡኝ።

ሦስተኛውን ቅሬታ ተናድጄ ስለጻፍኩት ራቢዓ አሰረዘችኝ።

ወረቀቱን ስለመለሳችሁልኝ አመሰግናለሁ። ራቢዓም እንደኔ ቁርኣን የቀራች ናትና አይታው «ሁሉንም አግኝተሃል፣ ቀንተውብህ ነው» አለች። መምህርት ኢክራን ግን ወረቀቱን አየት አድርጋ፣ ሳቋን መቆጣጠር አቅቷት፣ «አባባ ዋሪዮ፣ በመስታወት ቢያርሙልዎ አንደኛ ይወጡ ነበር» አለችኝ።

ሐሙስ ለወደቅነው የመጨረሻው ፈተና ነው። የጨው ጆንያ ከመኪና ሲያወርድ የኖረ ወገቤ ዘንድሮ እምቢ ብሏል፤ ሐኪሙም ጆንያ እንዳትነካ ብሎኛል። እንግዲህ ያቺ የበር ወንበር ለእኔ ሹመት አይደለችም፣ ወገብ ናት። ሐሳብ አላስቀምጥ ብሎኝ ከግድግዳ ግድግዳ እየተመላለስኩ የምጽፍልዎም ለዚህ ነው። የምለምነው ፈተናው እንዲቀልልኝ አይደለም። በወረቀቱ አናት ላይ መነሻውን የምታሳይ አንዲት ቀስት ትሳልልን፤ ቀለሙ ከከበደ እኔ አዋጣለሁ።

ክቦችዎ ሁሉ በመረጡት አቅጣጫ እንዲያድጉልዎ የሚመኘው፣ በመስታወት ሲታይ አንደኛ የወጣው አገልጋይዎ
ዋሪዮ

ያልረጋ ልቤ ያስጨመረኝ፦ ከላይ ከጻፍኩት አንዱን ፈጥሬዋለሁ። እጄን አላወጣሁም። ፍራንሲስም ምንም አላሉኝም፤ እንዲያውም «ጥያቄ ያለው እጁን ያውጣ» ብለው ነበር። በዚህ ዕድሜው ትናንት ፊደል የለየ ሰው፣ ልጆቹ በሚሆኑ ወጣቶች መካከል ተነስቶ የወረቀት መጀመሪያው በየት ነው ብሎ አይጠይቅም። ስለዚህ ቀስቷን ይሳሏት፤ ሐሙስም እጄን አላወጣም።